ሳያልቅ የፈረሰው የመስታወት እልፍኝ

ብርጭቆ ወደዚህ ሀገር የገባው በባሕር ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙን ያልነገረን አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች የት ምን እንደሚሸጥ፣ ከየት ምን እንደሚገዛ የሚያመለክት የነጋዴ መመሪያ ጽፎ ነበር። የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስ ላይ ሲደርስ ከመርከብ የሚራገፈውን ይቆጥራል፦ የግብጽ ልብስ፣ ናስ፣ ብረት፣ ጥቂት ወይንና ዘይት፤ በዚህ መሐል ልዩ ልዩ ዓይነት ብርጭቆ። ተመልሶ የሚጫነው ደግሞ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ኤሊ ቅርፊት ነው። ጥርሱ ከእኛ፣ ብርጭቆው ከእነሱ። ይህን ሚዛን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከ1,600 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጎንደር ላይ ያንኑ መልሰን እናገኘዋለን።

የአክሱም ሰዎች ብርጭቆን ከውጭ ቢገዙም ወርቅን ከሌላ ማዕድን ጋር ማጋባት ግን ያውቁበት ነበር። ነገሥታቱ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም ያስመቱ ነበር። ከብሩና ከመዳቡ በአንዳንዱ ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መሐል፣ ስስ ወርቅ ይለበጣል። የመዳብ ሳንቲም የገበያ መልስ ነው፤ በእጅ ተይዞ የሚያልቅ፣ አፈር ላይ የሚወድቅ። እንዲህ ባለ ገንዘብ ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በጥፍር ታክል ቦታ ወርቅ ይለብጥ ነበር። በጥንቱ ዓለም ይህን ያደረገ ሌላ መንግሥት አይታወቅም። ለምን ሲባል ሊቃውንት ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ። እኔ ግን ነገሩን የማየው በሠራተኛው በኩል ነው፦ ወርቅ ባነሰበት ሀገር ትንሿን ወርቅ ትልቅ ማስመሰል ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ያ ጥበብ ደግሞ ልብጥ ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘመን ዘልዬ ወደ ጎንደር ልሂድ።

አጼ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥት ማለት በአብዛኛው ድንኳን ነበር፤ ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ይሰፍራል፣ በጋ ሲሆን ይነሣል። በድንኳን የሚኖር ንጉሥ ምንጣፍና ወርቀ ዘቦ እንጂ መስታወት አያስፈልገውም፤ በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ በየሸንተረሩ የሚዞር መስታወት ዕድሜው አጭር ነው። ግንብ ሲመጣ ግን ግድግዳ መጣ። ግድግዳ ሲኖር ደግሞ ምን እንለጥፍበት የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል። በ1640 ዓ.ም. የየመን ኢማም መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ጎንደር ደርሶ ግንቡን አይቶ አደነቀ፤ የድንጋይና የኖራው ሥራ መሪም ሕንዳዊ እንደነበረ ጻፈ። እንግዲህ ጎንደር ከመነሻዋ የውጭ እጅ ያልራቀባት ከተማ ናት። ይህን መናገር የሚከብደው ሰው አለ፤ እኔን አይከብደኝም። ቁም ነገሩ ከውጭ የመጣው ነገር እዚህ ሥር ሰደደ ወይስ እንግዳ ሆኖ ቀረ የሚለው ነው።

ሥር ከሰደደው እንጀምር። በ1583 ዓ.ም. ገደማ ሮም ላይ፣ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት፣ በዐረብኛ የታተመ ወንጌል ነበር። አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው ሥዕሎች በእንጨት ላይ ተቀርጸው በጥቁር ቀለም የታተሙበት መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ ጎንደር ደረሰ፤ የጎንደር ሠዓልያንም ተቀበሉት። ዐይንን አሰፉ፣ ጥላውን አጠፉ፣ መደቡን በቢጫና በቀይ ሞሉት፣ ጣልያናዊውን ልብስ የኛ አደረጉት። ከሁለት ትውልድ በኋላ ያ ሥዕል ከሮም መምጣቱን ማን ያውቃል? ሥዕል እንዲህ ነው፤ አንዴ ካየኸው እጅህ ይወስደዋል። ቀለሙ ከአፈርና ከድንጋይ ይገኛል፣ ሙጫው ከከብት ቆዳ፣ ብሩሹ እዚሁ ይታሰራል። የወርቁን ብርሃን እንኳ የጎንደር ሠዓሊ በወርቅ አልገዛውም፤ በቢጫ ቀለም ሠራው። የቅዱሳኑን አክሊለ ብርሃን ቀረብ ብለህ ስታየው ቢጫ ነው፤ ራቅ ብለህ በጧፍ ብርሃን ስታየው ወርቅ ነው።

መስታወት ግን እንዲህ አይደለም። አይተኸው አትቀዳውም። እቶን ይፈልጋል፣ ንጹሕ አሸዋና አመድ ይፈልጋል፣ ለትውልድ የተጠበቀ ምስጢር ይፈልጋል።

ታላቁ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ፣ በ1674 ዓ.ም. ነገሡ። በእሳቸው ዘመን የተሠራው ግንብ፣ ጣሪያው በፈረስ ኮርቻ አምሳል የተሠራው፣ ዛሬም ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆሟል። ስለ ውስጡ ጌጥ የሚነገረው ብዙ ነው፦ ወርቅ ቅብ ጣሪያ፣ የዝሆን ጥርስ፣ መስታወት። ንጉሡን የቆዳ በሽታ አስቸግሯቸው በ1691 ዓ.ም. ቻርልስ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል ጎንደር ገባ፤ አክሞም አዳናቸው። በማግስቱ ዓመት ወጥቶ ሲሄድ ስለ ቤተ መንግሥቱ ግርማ፣ ስለ ሥርዓቱና ስለ ልብሱ የጻፈው ትረካ በአውሮፓ ብዙ አንባቢ አገኘ። በ1696 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ መጥቶ ግንቡን ጎዳው። የታላቁ ኢያሱ ዘመን ሥራ ሆኖ እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በኋላ ዘመን ታድሶ እዚህ የደረሰው የዚህ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ዐይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል የሚያዩ ከመቶ በላይ የኪሩቤል ፊቶች ተሥለውበታል። እንጨት ነው፣ ቀለም ነው።

የመስታወቱ ታሪክ በሙሉ ቁመናው የሚገኘው ግን በልጅ ልጃቸው ዘመን ነው።

አጼ በካፋ በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ነበሩ። እናታቸው የቋራዋ እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ደፍተው አብረው ገዙ። እቴጌይቱ ግንባታ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ አሠሩ፤ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴም የእሳቸው ነው። እዚያ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበት ሥዕል አለ፤ የልብሳቸው አበባ ሳይቀር በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ኢያሱም ሲያድጉ የእናታቸው ልጅ ሆኑ። ጦርነት ከሚያስቡ ይልቅ ቤት ማስጌጥ ይቀናቸዋል።

በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ግሪኮች ነበሩ። ስለ እነሱ የነገረን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው፤ በአንድ ቦታ ከሰምርኔስ ሸሽተው የመጡ ብር ሠሪዎች፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ከካይሮ የመጡ የብርና የወርቅ ክር ሠራተኞች ይላቸዋል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ስደተኛ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። ንጉሡ ተቀበሏቸው፤ ሥራም ሰጧቸው። ሥራው አንድ እልፍኝ ነበር።

እልፍኙ እንዲህ ነበር፦ የግድግዳው የታችኛው ክፍል ከመሬት ተነሥቶ እስከ ሰው ወገብ ገደማ በዝሆን ጥርስ ተሸፈነ። ከዚያ በላይ ሦስት ረድፍ መስታወት ተደረደረ። መስታወቱ ከቬኒስ የተገዛ፣ በአረቢያና በቀይ ባሕር በኩል በብዙ ወጪ የመጣ ነው። እያንዳንዱ በመዳብ ክፈፍ ተያዘ፤ መዳቡም ወርቅ ተለበጠ። ጣሪያውን የሠሩት ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ሸምበቆ ሰነጠቁ፣ በየቀለሙ ነከሩ፣ እየገጣጠሙ በሐረግና በቅርጽ አስተኙት። ብሩስ ካየው ሁሉ ዐይኑን የሳበው ይህ የሸምበቆ ጣሪያ ይመስላል፤ ከወርቁና ከመስታወቱ የማያንስ፣ እንዲያውም ክፍሉን ሁሉ የሚያስፈነድቅ አድርጎ ይስለዋል።

እስቲ ቆም ብለን የዚህን ክፍል ዕቃ በዐይነ ሕሊና እንመዝን። ዝሆኑ ከቆላ፤ ወርቁ ከምዕራቡ ሀገር፣ በግብርና በንግድ የሚመጣ፤ ሸምበቆው ከወንዝ ዳር። መስታወቱ ብቻ ከሦስት ባሕር ማዶ። የአዱሊስ ሚዛን አልተለወጠም።

የሙያውን ነገር ልናገር። ያኔ መዳብ ላይ ወርቅ የሚለበጠው በብዙ ሀገር በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር። ወርቁ በስሱ ተቀጥቅጦ በሜርኩሪ፣ በድሮው አጠራር በባዜቃ፣ ውስጥ ይሟሟል፤ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሊጥ ይሆናል። መዳቡ በደንብ ተፍቆ ያ ሊጥ ይቀባበታል፣ ከዚያ በፍም ላይ ይያዛል። ሜርኩሪው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። መጀመሪያ የሚታየው ደብዛዛ ቢጫ ነው፤ በለስላሳ ድንጋይ ሲታሽ ነው ወርቅነቱ የሚወጣው። የሚተነው ጭስ መርዝ ነው። በዚህ ሙያ የኖረ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሱ ይረግፋል። የሚገርመው የቬኒሱም መስታወት ጀርባው በዚሁ ሜርኩሪ የተሠራ መሆኑ ነው፦ የቆርቆሮ ቅጠል ይዘረጋል፣ ሜርኩሪ ይፈስበታል፣ ብርጭቆው ከላይ ተጭኖ በክብደት ለቀናት ይቆያል። እንግዲህ በጎንደሩ እልፍኝ የክፈፉ ወርቅና የመስታወቱ ብር በአንድ መርዝ የተወለዱ ወንድማማቾች ነበሩ ማለት ይቻላል። በቬኒስ የሠራተኛው እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ጎንደር ላይ የለባጩ እጅም ሳይንቀጠቀጥ አይቀርም።

በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ ዣን ባፕቲስት ግሎሚ የሚባል ክፈፍ ሠሪ ነበር። የሥዕል ጠርዝ በሚሸፍነው ብርጭቆ ጀርባ ላይ ወርቅ ይለብጥ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያ ሙያ በአውሮፓ በእሱ ስም ይጠራል። ጀማሪው ግን እሱ አይደለም። የሮም ክርስቲያኖች በሦስተኛውና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሁለት ብርጭቆ መሐል የወርቅ ሥዕል አስገብተው በመቃብር ዋሻዎቻቸው ግድግዳ ላይ ይተክሉ ነበር፤ ቼኒኖ ቼኒኒ የሚባል ጣልያናዊ ሠዓሊም በ1400 ገደማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጻፈው የሙያ መጽሐፍ ዘዴውን ያስተምራል። ብርጭቆው ይታጠባል፤ በእንቁላል ውኃ ወይም በስስ ሙጫ ይረጥባል፤ ከትንፋሽ የሚቀል የወርቅ ቅጠል ይተኛበታል። ሲደርቅ በመርፌ ይጫራል፣ ከኋላው ጥቁር ቀለም ይቀባል። ከፊት ሲታይ በብርጭቆ ውስጥ የተቀበረ ወርቅ ነው። በዚህ ሥራ መጀመሪያ የምትሠራው ከፊት የሚታየውን ነው፤ ስሕተትን በላዩ ቀብተህ መደበቅ አትችልም። የጎንደር ሠዓሊ በተቃራኒው ነው፤ መደቡን አስቀድሞ፣ ዐይኑን መጨረሻ ያደርጋል። ፓሪስ ወርቁን ከብርጭቆው ጀርባ አስቀመጠችው፣ ጎንደር ዙሪያውን አስከበበችው። ሁለቱ በአንድ ዘመን አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ወርቅና ብርጭቆን ማጋባት ይዘው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎንደር ንጉሡን ታማ ነበር። አያታቸው ታላቁ ኢያሱ ተባሉ፤ እሳቸውን ሕዝቡ ትንሹ ኢያሱ አላቸው። ቤት ማስጌጥ የንጉሥ ሥራ አይደለም ማለቱ ነው። ሐሜቱ ከንጉሡ ጆሮ ደረሰ፤ በ1736 ዓ.ም. ጦር አስከትተው ወደ ስናር ዘመቱ። ድንድር ወንዝ አጠገብ ተሸነፉ። ከጦሩ ጋር ወጥቶ የነበረው ኵርዓተ ርእሱ፣ የጌታችን የእሾህ አክሊል ሥዕል፣ ተማረከ፤ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ነው የተመለሰው። ብሩስ 8,000 ወቄት ይላል። ለክፈፍ የሚሆነው ወርቅ ለቤዛ ዋለ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ሒሳቡን ማንም አልተወልንም። ግን አንድ ግምጃ ቤት ነው የነበረው።

እልፍኙ አላለቀም። ምክንያቱ ወርቅ ማጣት አልነበረም፤ የዝሆን ጥርስም አልጠፋ፣ ሸምበቆማ ምን ጊዜም አለ። የጎደለው መስታወት ነበር። የሚቀጥለው ጭነት እስኪመጣ ሲጠበቅ ንጉሡ በ1747 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብሩስ በጥቂት ቃል ያልፈዋል፤ እኔ ግን የዚህ ታሪክ ልብ እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራው ቆመ። ሠራተኞቹ የሚያስጌጡት እልፍኝ አጡ። ስለዚህ ኮርቻና ልጓም፣ ጎራዴና የጦር ዕቃ ወደ ማስጌጥ ዞሩ፤ ክፍያውም እጅግ አነስተኛ ነበር። አንድ ባለሙያ መስታወት በወርቅ ክፈፍ የሚያስር እጁን ይዞ የወታደር ኮርቻ ላይ ቁልፍ ሲያበጅ ይታያችሁ። ዛሬ ዘመናዊ ሠዓሊ ኤግዚቢሽን ሲያጣ የሱቅ ማስታወቂያ እንደሚጽፈው ነው። ሙያው ግን አልጠፋም፤ ከግድግዳ ወርዶ ፈረስ ላይ ወጣ። በየሙዚየሙ የምናየው የመሳፍንት ዘመን የጋሻ፣ የኮርቻና የጎራዴ ጌጥ፣ የብሩ ቅርጽና የወርቁ ልብጥ፣ የማን እጅ ልጅ ነው ብዬ ሳስብ እነዚያ ደመወዝ የጎደለባቸው ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

መስታወቶቹ ግን አንድ በአንድ እየወደቁ ሄዱ። የኢያሱ ልጅ ኢዮአስ ነገሡ፤ የእቴጌይቱ የቋራ ወገንና የወሎው ወገን ተፋጠጡ፤ ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ ተጠርተው መጡ። በ1761 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኢዮአስ ተገደሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የግድግዳ መስታወት ማን ያስተውላል? ብሩስ በ1762 ዓ.ም. የካቲት ገደማ ጎንደር ሲደርስ ከእልፍኙ ከፊሉ ብቻ እንዳማረ ቀርቶ ነበር። ቁስቋም ሄዶ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች አከመ፤ የእቴጌ ምንትዋብንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን እምነት አገኘ። ያ እምነት ነው በየእልፍኙ እየገባ እንዲያይ ያስቻለው።

በ1763 ዓ.ም. ግንቦት ሠርባኩሳ ላይ ጦርነት ተደረገ። ራስ ሚካኤል ድል ሆኑ፤ ጎንደር ተከበበች። ከዚያ ጦርነት በኋላ በነበረው ግርግር የቀሩት መስታወቶች ሲሰባበሩ ብሩስ በቦታው ነበር። ከቬኒስ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በበቅሎ ሊማሊሞን ወይም ሌላ ገደል ወጥቶ፣ በወርቅ ተከቦ የኖረው ብርጭቆ አርባ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከጎንደር ወጣ፤ መጽሐፉ ግን የታተመው በ1782 ዓ.ም. ነው፤ አምስት ቅጽ። የሀገሩ ሰዎች ብዙውን ውሸት ነው ብለው ሳቁበት። የጎንደርን የመስታወት እልፍኝ ወሬም አብረው ሳይስቁበት አልቀሩም።

ከዚህ ወዲያ ያለው ዘመን ለመስታወት አልተመቸም፤ እኔም ፈጠን ብዬ ልለፈው። ዘመነ መሳፍንት መጣ፤ ነገሥታቱ በግንቡ ውስጥ ስም ብቻ ሆኑ። አጼ ቴዎድሮስ ብልሃተኛ ይወዱ ነበር፤ ጋፋት ላይ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን ግን ያቀለጡት መስታወት ሳይሆን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ነው። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን አቃጠሉ፤ የየአድባራቱን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ወደ መቅደላ አስጫኑ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ፣ በድንድር ተማርኮ በወርቅ የተዋጀው ኵርዓተ ርእሱ እንደገና ተማረከ፤ ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የእንግሊዝ ሙዚየም ሰው ለራሱ ወሰደው፤ እስካሁን አልተመለሰም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ገባ፤ ቁስቋምን ጨምሮ አብዛኛው አድባራት ተቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ አዳነው ይባላል። ንብ ይሁን ሌላ፣ ያ የእንጨትና የቀለም ጣሪያ ተረፈ። በ1934 ዓ.ም. ኅዳር የጣልያን የመጨረሻው ጦር ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ከተማይቱ የእንግሊዝ ቦምብ ቀምሳ ነበር።

ሸምበቆ ጣሪያውን የሠሩት የቤተ እስራኤል ሰዎች ደግሞ ከግንቡ ሥራ ከተለዩ በኋላ በብረት፣ በሸክላና በሽመና ኖሩ። ሙያቸው ሲፈለግ ጠቢብ፣ ሳይፈለግ ቡዳ እየተባሉ። ከጎንደር በስተሰሜን ወለቃ የምትባለው መንደር የታወቀችው በሴቶቿ የሸክላ ሥራ ነው። በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. ግንቦት በተደረጉት ጉዞዎች አብዛኛው ሰው ወደ እስራኤል ሄደ፤ በግንቦቱ ብቻ አንድ ቀን ተኩል በማይሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ተሳፈረ። የዳዊት ኮከብ የተሣለባቸው ቤቶችና ለእንግዳ የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ወለቃ ላይ ቀርተዋል። ሸምበቆ ሰንጥቆ በየቀለሙ የሚያስተኛ ሰው ግን እዚያ ማግኘት ይከብዳል።

በኢትዮጵያ ውስጥ ብርጭቆ እንደገና የታላቅ ሠዓሊ ሥራ የሆነው ጎንደር ላይ ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ ነው። በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ ማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተልኮ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲከፈት ለመግቢያው የታሰበው ሥራ በእሱ ላይ ወደቀ፦ 150 ሜትር ካሬ የሚሸፍን ባለ ቀለም መስታወት፣ በሦስት ክፍል፣ የአፍሪካ ያለፈው መከራ፣ የአሁኑ ትግል፣ የነገው ተስፋ። አሳቡና ንድፉ የእሱ ነው። መስታወቱ ግን የተቆረጠውና የተገጣጠመው በፈረንሳይ የመስታወት ሥራ ቤት ነው። ከአዳራሹ ሰፊ እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሩ እንደገና ሲከፈት ያንን መስታወት አንድ በአንድ ፈትተው ያጸዱትም ፈረንሳውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። አፈወርቅ ያን ቀን አላየም፤ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. አርፏል። እሱ ግን ከትንሹ ኢያሱ በአንድ ነገር በለጠ፦ መስታወቱ እስኪሞላ ሥራውን አልለቀቀም።

ጎንደር ደግሞ በ1972 ዓ.ም. ፋሲል ግቢዋ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባላት። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ውስጥ የቆመ ጎብኚ አስጎብኚው ወደ ግድግዳው እያመለከተ መስታወትና ወርቅ እንደነበረበት ሲነግረው ይሰማል። የአያትየውና የልጅ ልጁ ሥራ በአፈ ታሪክ ተቀላቅሏል፤ ሁለቱም ኢያሱ ናቸው፣ ማን ይለያቸዋል። ትንሹ ኢያሱ በሕይወት ሳሉ ያጡትን ትልቅ ስም በዚህ መንገድ አያታቸው ወሰዱባቸው።

ከግቢው ወጥቶ ወደ ገበያው የሚወርድ ሰው ክፈፍ ሠሪ ዘንድ መግባቱ አይቀርም። ግድግዳው ላይ ቅዱስ ሚካኤል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የተመራቂ ፎቶ፣ የሙሽራ ፎቶ ተሰቅሏል። ባለሱቁ ባለ ሦስት ሚሊውን መስታወት ጠረጴዛ ላይ ያስተኛል፣ በአልማዝ መቁረጫ አንዴ ይጭረዋል፣ በጣቱ ሥር ቀጭ አድርጎ ይለየዋል። ክፈፉ ወርቅ መሳይ ፕላስቲክ ነው፤ ጫፉ በግማሽ ማዕዘን እየተቆረጠ ይገጣጠማል። ብርጭቆ፣ በወርቅ ተከቦ። ለቁስቋም ማርያም ሥዕል ክፈፍ ያሠሩ አንዲት እናት ሥዕሉን በነጠላቸው እየጠቀለሉ በመንገድ ቢሰበርብኝስ ብለው ይጠይቃሉ።

«ይምጡ እማማ፣ እቀይርልዎታለሁ» ይላቸዋል። «መስታወት እንደሆነ ሞልቷል።»